ስለ አረንጓዴዎቹ በርሜሎች ለጓድ ሊቀ መንበር የቀረበ ምስጋና

ጂንካ፣ ጥር 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለንጋት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር
ለክቡር ጓድ ጎሳዬ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ በርሜሎቹ ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ ስለ ማቅረብ

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀውም እንደ ሌላው ደብዳቤ ጸሐፊ ለወጉ ሳይሆን ከልቤ ተጨንቄ ነው። ሆድዎ ደህና ነው ወይ? ምራቅ አይበዛብዎትም? በቀትር ፀሐይ ቆመው ዓለም አይጨልምብዎትም? ብርጭቆ ሲያነሡ እጅዎ አይንቀጠቀጥም? ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት እሰየው፤ ቤተሰብዎም እንዲሁ በጤና እንዲሰነብትልዎ እመኛለሁ። በከተማችን ይህን መልካም ዜና ስለ ራሳቸው መናገር የማይችሉ ሰዎች ስላሉ ነው ከእርስዎ የጀመርኩት።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ ከገበያው ሥር ፋኖስና ራዲዮ የምጠግነው ሙሴ ኤርጎ ነኝ። የከተማው ልጆች ሁሉ አጎቴ ይሉኛል፤ አባቶቻቸው ግን ምክር ከእኔ እንዳይወስዱ ያስጠነቅቋቸዋል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከሰርዲን ቆርቆሮና ከራዲዮ ካርቶን ላይ ነው፤ የፈረንጅ ቃል ሲገጥመኝ የማማክረው መዝገበ ቃላትም ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ቀልድ እንደምወድ ይታወቃል። ባለፈው መስከረም እርስዎ ስለ ምርታማነት ሲናገሩ ድምፅ ማጉያው በድንገት የሰርግ ዘፈን የጀመረው በራሱ ፈቃድ እንዳልነበረ ዛሬ በጽሑፍ አምናለሁ። የማምነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔ ስቀልድ ቀለድኩ እንደምል እንዲያውቁልኝ ነው። ስለ በርሜሎቹ የምለው ግን ቀልድ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሬን ዘግቼ ነው። ከአጥሩ ውጭ ሰው ሲያልፍ ብዕሬ ይቆማል፤ ካለፈም በኋላ የቱ ጋ እንደ ነበርኩ ይጠፋኛል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሬ አንዳንድ ቦታ ተቆርጦ ቢያገኙት፣ ያቋረጠኝ ፍርሃት መሆኑን ተረድተው ይለፉት።

በቅድሚያ ላመስግንዎት። ባለፈው ኅዳር ከቆላው የጥጥ እርሻ ባዶ በርሜሎች በመኪና አስጭነው፣ አረንጓዴ ቀለም አስቀብተው ለማኅበሩ አባላት ሲያድሉ፣ ከተማው በእልልታ ነው የተቀበለዎት። ከነሪ ወንዝ ውሃ በጀርባዋ ስታመላልስ ለኖረች ሴት፣ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ቤቷ ቆመላት ማለት አንድ ሙሉ ቀን ተረፈላት ማለት ነው። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። እርሻው ጉድጓድ ቆፍሮ በርሜሎቹን ከመቅበር ድካም ዳነ፤ እርስዎ የውሃ ዕቃ ችግር ተፈታ ብለው ሪፖርት ላኩ፤ የበላይ አካል የምስጋና ወረቀት ሰደደልዎ፤ ወረቀቱም መስተዋት ገብቶ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሁሉም ከተደሰተ በኋላ በርሜሎቹ ውስጥ ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ነውር መሰለን። ነበረበት የሚባለው የጥጥ ትል የሚገደልበት መርዝ ነው።

ወደ እርስዎ ጥፋት ከመሄዴ በፊት የራሴን ልናገር። በእኛ አገር ዕቃ የሚመረመረው በአፍንጫ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። እንስራም ይሁን ቅል በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ታጥቦ በወይራ ጭስ ከታጠነ በኋላ የቀድሞ ሽታው ከለቀቀ ንጹሕ ነው እንላለን። ለእርጎና ለቦርዴ ዕቃ ይህ ትክክል ነው። በርሜሎቹም ሲመጡ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ነጭ ሽንኩርት የበሰበሰ የሚመስል ሽታ ነበራቸው። የእኅቴ ልጅ አስካል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቦርዴ ጠምቃ የምትሸጠው፣ ሽታውን ጠልታ በርሜሏን ልትመልስልዎ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳት። ግራዋውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ወይራውን ፈልጬ በርሜሉን ጭሱ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ቀን አፍንጫዬን ከትቼ አሽትቼ እንደ ሙሽራ ቤት ይሸታል ብዬ የሳቅሁትም እኔ ነኝ። ጭሱ መርዙን አላስወጣውም። መርዝ አለ ብሎ ይነግረን የነበረውን ሽታ ብቻ ነው ያስወጣው።

ታኅሣሥ 25 ቀን ቅዳሜ አስካል ቦርዴውን ከዚያ በርሜል ቀድታ ገበያ ወጣች። እኩለ ቀን ሳይሞላ እሷን ጨምሮ ሰባት ሰው ወደቀ። ስካር ነው ብለን ስቀን ነበር። ነገር ግን ሰካራም እንደዚያ አያልበውም፤ ምራቁ እንደ ገመድ አይወርድም፤ የእጁና የጉንጩ ሥጋ ለብቻው አይዘልም። የጤና ረዳቱ አንጁሎ መጥቶ የአስካልን የዓይን ቆብ ሲገልጥ፣ የዓይኗ ጥቁሩ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም ነበር። አንጁሎ ያን ጊዜ ስለ ወባም ስለ ስካርም አልጠየቀም፤ የጠየቀው ቦርዴው የተጠመቀበት ዕቃ ምን እንደሆነ ነው። ለዚህ የሚሆነው መርፌ በጤና ጣቢያው ሣጥን ውስጥ ለሁለት ሰው እንኳን በቅጡ የሚበቃ አልነበረም። አካፍሎ ወጋ። ጫኝና አውራጅ የነበረው ዳርጌ፣ ኩንታል በአንድ ትከሻ የሚያነሣው ዳርጌ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ሌሎቹ አምስቱ ተረፉ፤ አስካልም ተርፋለች። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን እስከ ዛሬ አልቻለችም።

ሰው በሐዘን ላይ እያለ የመጣለትን ሁሉ ሊያምን ስለሚችል፣ ከቀብር በኋላ አንጁሎን እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን ልጻፍልዎ፤ ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥብኛልና፦ «ጋሼ ሙሴ፣ ብሳሳት ደስ ይለኛል። እንግዲያው መሳሳቴ እንዲታወቅ አድርገን እንሞክረው።»

እንዲህም ሞከርን። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የተቀዳ የነሪን ውሃ በሦስት ዕቃ አሳደርን፦ በእንስራ፣ ባልታጠነ በርሜልና በአስካል በርሜል። በማግስቱ ከየዕቃው አንድ አንድ ብርጭቆ ቀድተን፣ ከኩሬ ያመጣናቸውን የትንኝ ትሎች ሃያ ሃያ አድርገን ጨመርንባቸው። የእንስራው ትሎች ማታም ሲገለባበጡ ነበር። የሁለቱ በርሜሎች ትሎች ምሳ ሳንበላ ተንሳፈፉ። ብርጭቆው ይሆናል ብለን ብርጭቆ ለወጥን፤ ያው ሆነ። እጃችን ይሆናል ብለን በሦስተኛው ቀን የበርሜሌን ስም አጠፋችሁ ብላ የተቆጣችን ጎረቤታችን በራሷ እጅ ቀድታ፣ በራሷ ጣት ቆጥራ እንድትሞክር ለመንናት። ቆጠረች። ቤቷ ገብታ በርሜሏን እያንከባለለች አወጣችው።

ክቡር ጓድ፣ እኛ ያደረግነው ይህን ብቻ ነው። አንጁሎም ያየውን በአንድ ገጽ ጽፎ ጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ማኅበርዎ ላደረገልን ሁሉ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. በርሜሎቹ ሲቀቡ የራስ ቅልና ሁለት የተመሳቀሉ አጥንቶች ያሉበት ሥዕል በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ መጥፋቱን አመሰግናለሁ፤ ሥዕሉ ልጆችን ያስፈራ ነበር። ነገር ግን ሠራተኞችዎ ቸኩለው የአስካልን በርሜል ቂጥ ሳይፍቁት ቀርተዋል። ሥዕሉ እዚያ አለ። ይህን ለማንበብ ምስጥ ያልበላው መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

2ኛ. ማስታወቂያው በተለጠፈ በሁለተኛው ቀን ከሰሌዳው ጠፋ፤ በምትኩ አንድ ወሬ ከተማውን ሞላው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሰማሁት፦ «ዳርጌ ረቡዕ ዕለት በወባ ሞተ፤ በበርሜሉ ላይ የሚያስወሩት ገበያቸው የተዘጋባቸው ሸክላ ሠሪዎች ናቸው።» በማግስቱ የኦሞራቴ መኪና መነሻ ላይ ሰማሁት። እሑድ ጸሎት ቤት ደጅ ላይ አንዱ ነገረኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ደንበኛዬም ራዲዮውን ሊወስድ መጥቶ ደገመልኝ። በአሪኛ ሲወራም ሰማሁ። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ የእኔ ሙያ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ይህኛው ግን የትም አልጨመረ፣ የትም አልቀነሰ። ከሁሉ የገረመኝ ረቡዕ የምትለዋ ናት። ዳርጌ የሞተው ቅዳሜ፣ በገበያ መሃል፣ ግማሹ ከተማ እያየው ነው። ነጋሪዎቼ ሁሉ፣ ቆመው ያዩት ሁለቱ ጭምር፣ ረቡዕ አሉኝ። ይህ ብዙ ሰው በየራሱ የተሳሳተው ስሕተት አይደለም፤ አንድ ሰው ተሳስቶ ጽፎት ብዙ ሰው የሸመደደው ነው። የማኅበርዎ ተጠሪዎች ማክሰኞ ማታ ተሰብስበው በየሠፈራቸው ምን እንደሚናገሩ መመሪያ እንደ ተሰጣቸው በኋላ ነው የሰማሁት። መመሪያ አዘጋጁን በአክብሮት እንዲያርሙልኝ እለምናለሁ። ውሸቱን ተዉት ለማለት አቅም የለኝም፤ ቀኑ እንኳን ይስተካከል።

3ኛ. ባለፈው ቅዳሜ በገበያው መሃል ከአረንጓዴ በርሜል ውሃ አስቀድተው በሕዝብ ፊት መጠጣትዎን አይቻለሁ፤ ድፍረትዎንም አድንቄያለሁ። የተጨበጨበልዎትም ተገቢ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ያ በርሜል ከጥጥ እርሻው አልመጣም። አምና የምግብ ዘይት ይዞ የመጣው ነው። ወገቡ ላይ ያለውን ስርጉድ አውቀዋለሁ፤ ከመኪና ስናወርድ ከእጄ ያመለጠ ጊዜ ያገኘው ነው፤ ያን ቀን እርስዎም ሰድበውኝ ነበር። አዲሱ ቀለም ስርጉዱን አልደፈነውም። እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ከጎኔ ቆመው ያጨበጨቡ ሰዎች ቤታቸው ገብተው ከእውነተኛው በርሜል ለልጆቻቸው ቀድተዋል። እኔ ሳላጨበጭብ ቆሜ ነበር፤ ግን አልጮህኩም። ሁለት የማኅበሩ ጥበቃዎች አጠገቤ ነበሩና ፈራሁ። ይህን በእርስዎ ላይ ብቻ ላላክክ አልፈልግም።

4ኛ. ይህን ጽፌው ነበር። ሳነበው ራሴን ስላስፈራኝ ቀድጄዋለሁ።

5ኛ. የሸክላ ሠሪዋ እልፍነሽ እንስራዎች በዚያው ቅዳሜ በዱላ ተሰባብረዋል፤ ክንዷም ተሰብሯል። ሸክላ ሠሪዎች በዚህ አገር ድሮም ቢሆን የሰው ዓይን የሚበዛባቸው፣ አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠሩ ናቸው። ይህን እርስዎ አልፈጠሩትም፤ ተዘጋጅቶ ስላገኙት ተጠቀሙበት እንጂ። ሸክላ ሠሪዎቹ አንጁሎን በጉቦ ገዙት ስለተባለ፣ እልፍነሽን ለመደለያ የሚሆን ምን እንዳላት ብጠይቃት፣ ከተሰበሩት መካከል የተረፈ አንድ የጀበና ክዳን አሳየችኝ። በነገራችን ላይ ሰኞ ዕለት ከቤትዎ የተላከች ሠራተኛ በጓሮ በር መጥታ ሁለት አዲስ እንስራ ከእልፍነሽ ዘመድ ወስዳለች። በግቢዎ ያለው አረንጓዴ በርሜል አበባ ማጠጫ መሆኑን ሰምቻለሁ። አበባዎቹ እንዴት ናቸው?

6ኛ. አንጁሎ በመጪው ቅዳሜ በጠቅላላ ስብሰባው ፊት ቀርቦ፣ በሕዝብ መካከል ሽብር መንዛቱን አምኖ ግለ ሂስ እንዲያደርግና በርሜሎቹ ንጹሕ ናቸው በሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርም ታዝዟል። የጤና ረዳት ፊርማ ያለበት ያ ወረቀት ሲገኝ መጋዘን ውስጥ የቀሩት ስድሳ በርሜሎች እንደሚወጡም ተነግሮናል፤ ገሚሱ በአቅራቢያችን ገዘር ላለው ትምህርት ቤት የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ገሚሱ ወደ ቆላው፣ ወደ ካንጋተንና ወደ ኦሞራቴ። ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው። ዳርጌ ትልቅ ሰው ነበር፤ ኩንታል ይሸከም ነበር፤ ግማሽ ቀን አልቆየም። የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ክብደት ስንት እንደሆነ እርስዎ አባት ስለሆኑ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር፣ እስካሁን በወጉ ሳሾፍብዎት ቆየሁ። አሁን ግን የምለምነውን በቀጥታ ልለምን። ከአንዱ በርሜል አንድ ጠርሙስ ውሃ ታሽጎ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይላክ፤ መልሱ እስኪመጣ ስድሳዎቹ በርሜሎች ከመጋዘን አይውጡ፤ አንጁሎም ያላየውን አየሁ እንዲል አይገደድ። ላቦራቶሪው እኔን ውሸታም ካለኝ፣ በስብሰባው ፊት በጉልበቴ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ድምፅ ማጉያውንም ዕድሜ ልኬን በነጻ እጠግናለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ እስቲ ከእውነተኛው በርሜል ይጠጣና እንየው ብለህ ጻፍ ብለውኝ ነበር። አልጽፍም። ሰው ይሰበሰብና ድፍረትዎን ይጠይቅዎት ይሆናል፤ አጃቢዎችዎም ይገፋፉዎት ይሆናል። ጓድ ጎሳዬ፣ አይጠጡ። ዳርጌ ሲሞት እጁን ይዤው ነበር፤ ያንን ለእርስዎም አልመኝም። ጠላቴ እነዚያ በርሜሎች ናቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ወዲያው ስለማይቀዱት፣ እኔንም ለማስጠራት እስከ ጧት ስለሚታገሡ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ለማኅበሩ ዕድገት፣ ለቤተሰብዎ ጤንነትና ለግድግዳዎ ወረቀት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ሊወስዱኝ ለሚመጡት በሩ መሰበር እንደማያስፈልገው ይንገሩልኝ፤ ቁልፉ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የራሴን ዕቃ ለመጠገን ጊዜ አላገኘሁም።

የማኅበሩ አባል፣ የአባልነት ደብተሩ ገና ያልተነጠቀ፣

ሙሴ ኤርጎ
ራዲዮ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለጸሎት ቤቱና ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር
ገዘር ላለው ትምህርት ቤት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ አንጁሎ ቤቴ መጣ። ቅዳሜን አልጠበቁትም፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቦታው ወስደው፣ አራቱን ልጆቹን በስም በስማቸው ጠርተውለት፣ አስፈርመውታል። በርሜሎቹ ነገ ጧት ይጫናሉ። ይህን ነግሮኝ ሊወጣ ተነሣ። የሚከተለውን ያልኩት እኔ ነኝና ከተመዘገበ በእኔ ስም ይመዝገብ፦ «አንተ ፈርም፤ ትሎቹ አልፈረሙም» ብዬ ወደ ልጆቹ ሸኘሁት። እንግዲህ በጂንካ መርዝ ነው ብሎ ስሙን በጽሑፍ ያኖረ ሰው የቀረው አንድ ብቻ ነው። እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ከፍርሃት ይሁን ከበርሜሉ አላውቅም፤ ቢሆንም አሁኑኑ በእግሬ እነሣለሁ። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ቢያጡኝ በመፈለግ አይድከሙ። ገዘር ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ መኪናዎ የሚያልፍበት መንገድ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።